አሮጌ ጠመንጃ ለምን በዘይት ብቻ አይጸዳም? የውጅግራ፣ የዝገትና የዝናር ታሪክ

ጠመንጃ ማጽዳት ቀላል ነገር ይመስላል። ብረቱን መወልወል፣ ቆዳውን ቅባት መቀባት፣ እንጨቱን ማሸት፤ በቃ አለቀ። ነገር ግን የዓለም ሠራዊቶች በዚህ "ቀላል" ሥራ ላይ ከሰላሳ ዓመት በላይ ተሳስተዋል። ሳይንቲስቶችም የስህተቱን ምክንያት ያገኙት ብዙ በርሜል ከዛገ በኋላ ነው። ነገሩ እኛንም ይመለከታል። በአገራችን በየቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤትና በየሙዚየሙ ከአያት ቅድመ አያት የተወረሱ ጠመንጃዎች፣ ዝናሮችና ማንገቻዎች አሉ። አብዛኞቹን የሚያጠፋቸው ጊዜ ብቻ አይደለም፤ በቅን ልብ የሚደረግ ጽዳትም ያጠፋቸዋል።

በዚህ ጽሑፍ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ላይ ያለው "ቆሻሻ" በኬሚስትሪ ዓይን ምን እንደሆነ፣ ይህንንም ሰዎች እንዴት እንደደረሱበት እንመለከታለን። የጽሑፉ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ በአንድ ጠመንጃ ላይ ያሉት ብረት፣ ቆዳና እንጨት የሚፈልጉት እንክብካቤ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ አንዱን የሚያድነው ሌላውን ይገድላል። ስለዚህ ቆሻሻው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ እጅ ማስገባት አይገባም። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሌላው ትርፍ፣ የእኛ ትጥቅ

መጀመሪያ ጠመንጃዎቹ ከየት መጡ? መልሱ ስማቸው ውስጥ አለ። "ውጅግራ" የምንለው የፈረንሳዩ "ፉዚል ግራ" ነው፤ ግራ መሣሪያውን የነደፈው የፈረንሳይ መኮንን ስም ነው። "ሰናድር" ከእንግሊዙ ስናይደር፣ "ምንሽር" ከኦስትሪያው ማንሊሸር፣ "በልጅግ" ደግሞ ከቤልጅግ አገር የመጡ ናቸው። ቋንቋችን የአስመጪ መዝገብ ይመስል ስማቸውን ይዞልናል።

ውጅግራን እንውሰድ። ፈረንሳይ ይህን 11 ሚሊሜትር ጠመንጃ በ1874 ተቀበለች። አንድ ጥይት ጎራሽ ነው፤ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ ይጎርሳል። አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1886፣ ጭስ የለሽ ባሩድ የሚተኩሰው ለበል መጣ። በአንድ ጊዜ ውጅግራ አሮጌ ሆነ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የሚሠራ ግን የማይፈለግ መሣሪያ መጋዘን ሞላ። የዚህ ትርፍ ገበያ አንዱ መንገድ በቀይ ባሕርና በጅቡቲ ጠረፍ በኩል ወደ ሸዋ ነበር።

በዚህ ንግድ ውስጥ ታዋቂው ፈረንሳዊ ገጣሚ አርቱር ራምቦም ገብቶበታል። ግጥም መጻፍ ካቆመ በኋላ ነጋዴ ሆኖ በ1887 መጀመሪያ ወደ 2,000 የሚጠጉ ጠመንጃዎችን በግመል ቅፍለት ይዞ ለንጉሥ ምኒልክ አቀረበ። ራሱ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ እንደሚገልጸው መሣሪያዎቹ ከአርባ ዓመት በፊት ከአገልግሎት የተሰናበቱ ነበሩ። በአውሮፓ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጡት ሸዋ ላይ ወደ 40 ፍራንክ ይሸጡ ነበር። ትርፉን ልብ በሉት። ንጉሡ በበኩላቸው የሚገዙትን የማያውቁ ሰው አልነበሩም፤ ከራምቦ ጋር የነበረው የዋጋ ክርክርም ነጋዴውን አማሮታል።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ አድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት ከእነዚህ ከየአገሩ ከተሰበሰቡ መሣሪያዎች ብዙዎቹን ይዞ ነበር። ስለዚህ አንድ አሮጌ ውጅግራ ሲገጥማችሁ በእጃችሁ ያለው የሁለት አገር ታሪክ ነው፤ አንድ ጊዜ የፈረንሳይ ወታደር የነበረ፣ ቀጥሎ ደግሞ የኢትዮጵያ ዘማች።

ባሩድና የፈላ ውሃ

አሁን ወደ በርሜሉ ውስጥ እንግባ። ውጅግራ የሚተኩሰው ጥቁር ባሩድ ነው፤ ጨው ጴጥሮስ (ፖታሲየም ናይትሬት)፣ ከሰልና ድኝ ተቀላቅለው የሚሠራው ማለት ነው። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ሁሉም ጋዝ አይሆንም። በ1870ዎቹ ኖብል እና አቤል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ባሩድን በታሸገ የብረት ዕቃ ውስጥ አቃጥለው እንደለኩት፣ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠጣር ነገር ሆኖ ይቀራል። አንድ የውጅግራ ጥይት 5.25 ግራም ያህል ባሩድ ይይዛል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ተኩስ ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ጠጣር ይፈጠራል። ከፊሉ በጭስ መልክ ይወጣል፤ ጥቁር ባሩድ ያን ሁሉ ነጭ ጭስ የሚያወጣው ለዚህ ነው። የቀረው በርሜሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

የተለጠፈው ምንድን ነው? በብዛት ፖታሲየም ካርቦኔትና ፖታሲየም ሰልፌት፣ ከእነሱ ጋር የድኝ ውህዶች። ፖታሲየም ካርቦኔት በአመድ ውስጥ ያለው ጨው ነው። እርጥበት በጣም ይወዳል፤ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ43 በመቶ ገደማ ካለፈ ከአየር ላይ ውሃ ስቦ ራሱ ይሟሟል። በሌላ አነጋገር የተተኮሰበትና ያልታጠበ በርሜል የራሱን ውሃ ከአየር ላይ እየቀዳ ይዝጋል።

ደግነቱ እነዚህ ጨዎች በውሃ በቀላሉ ይሟሟሉ። በዘይት ግን አይሟሟሙም። ጨው የተሠራው ኤሌክትሪክ ሙላት ካላቸው ቅንጣቶች ነው፤ የውሃ ሞለኪውል እነሱን ከብቦ መለያየት ይችላል፤ ዘይት ግን ይህ ችሎታ የለውም። ጨው ጥብስ ላይ በዘይት ውስጥ ሳይሟሟ እንደሚቀር የምታውቁት ነው። የጥቁር ባሩድ ዘመን ወታደር ይህን ኬሚስትሪ ባያውቅም ልማዱ ትክክል ነበር። በርሜሉን በውሃ፣ ከተገኘም በፈላ ውሃ ያጥባል፤ ያደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ሞራ ወይም ዘይት ይቀባል። የፈላ ውሃ የሚመረጥበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ ብረቱን ስለሚያሞቀው የቀረው ጠብታ ቶሎ ይተናል።

ንጹሕ ባሩድ፣ የዛገ በርሜል

ታሪኩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። በ1884 ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ ጭስ የለሽ ባሩድ ሠራ። ይህ ባሩድ ሲነድ ወደ ጋዝ ማለት ይቻላል ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። በርሜሉ ላይ የሚቀረው ጥቀርሻ በጣም ትንሽ ነው። ወታደሩም አለቃውም ተደሰቱ። ውሃ ቀረ፤ በዘይት የራሰ ጨርቅ ይበቃል ተባለ።

ከዚያ በርሜሎች መዛግ ጀመሩ። በሚገባ ተወልውሎ፣ ዘይት ተቀብቶ የተቀመጠ ጠመንጃ ከጥቂት ቀን በኋላ ሲታይ ከዘይቱ ሥር ዝገት ይገኝበታል። እንደገና ይወለወላል፤ እንደገና ይዝጋል። ሰዎች "ብረቱ ያልበዋል" ይሉ ጀመር። በተኩስ ጊዜ አሲድ ያለበት ጋዝ በብረቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ፣ ቀስ እያለ እንደ ላብ ይወጣል የሚል ግምት ነበር። ስለዚህ ለተከታታይ ቀናት መወልወል እንደ ደንብ ተያዘ። አሲዱን ያረክሳል ተብሎ አሞኒያ ያለበት ፈሳሽም ይሠራበት ነበር። ፈሳሹ አንዳንዴ ይሠራል፤ ለምን እንደሚሠራ ግን የተሰጠው ምክንያት ትክክል አልነበረም። የሚጠቅመው አሞኒያው ሳይሆን በውስጡ ያለው ውሃ ነበር!

ምሥጢሩን የፈታው በአሜሪካ የማዕድን ቢሮ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ዊልበርት ሃፍ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ ባደረገው ምርምር ጥፋተኛው ባሩዱ አለመሆኑን አሳየ። ጥፋተኛው የጥይቱ መለኮሻ፣ ማለትም ቃታ ሲሳብ የሚመታው ትንሹ ካፕሱል ነው። በውስጡ ፖታሲየም ክሎሬት አለ። ክሎሬት ሲፈነዳ ኦክስጅኑን ይለቅና ፖታሲየም ክሎራይድ ይሆናል። ይህ ደግሞ ከገበታ ጨው ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተኩስ በርሜሉ ውስጥ ስስ የጨው ብናኝ ይረጫል።

"ታዲያ ክሎሬት በጥቁር ባሩድ ዘመንም ነበር አይደል?" ትሉ ይሆናል። ትክክል ናችሁ፤ ነበር። ያኔ ግን ወታደሩ ጥቀርሻውን በውሃ ሲያጥብ ሳያውቀው ጨውንም አብሮ ያጥብ ነበር። ባሩዱ ሲጸዳ ውሃው ቀረ፤ ውሃው ሲቀር ጨው ብቻውን ቀረ። ፖታሲየም ክሎራይድ የአየሩ እርጥበት 84 በመቶ ገደማ ሲደርስ ውሃ ስቦ ይሟሟል። የእኛ አገር የክረምት ጠዋት ይህን ወሰን በቀላሉ ያልፋል። ዘይቱስ? ዘይት ውሃን ያዘገያል እንጂ ፈጽሞ አያግድም፤ በስስ የዘይት ንብርብር ውስጥ እርጥበት ሰርጎ ጨው ዘንድ ይደርሳል። "ላብ" የተባለው ይኸው ነው።

ክሎሬት የሌለበት መለኮሻ በጀርመን በ1920ዎቹ መጨረሻ ገበያ ላይ ዋለ፤ ወታደራዊ ጥይት ግን በብዙ አገር ለረጅም ጊዜ በአሮጌው መንገድ መሠራቱን ቀጠለ። ይህ ለእኛ ታሪክ ትርጉም አለው። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር ከያዘቻቸው መሣሪያዎች ዋነኛው 6.5 ሚሊሜትር የሆነው ካርካኖ ነበር። አርበኞች እየማረኩ በዚያው መሣሪያና በዚያው ጥይት ተዋጉ። የዚያ ዘመን ወታደራዊ ጥይት ጨው የሚተው ነው። በጫካና በዋሻ ለአምስት ዓመት የኖረ ሰው ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ውሃ አፍልቶ በርሜል ሊያጥብ አይችልም። ስለዚህ በአንድ የአርበኛ ጠመንጃ በርሜል ውስጥ በዝገት የተበሉ ጉድጓዶች ብናይ "ባለቤቱ አልተንከባከበውም" ማለት ፍርድ ማጓደል ነው። ጉድጓዶቹ መሣሪያው በምን ሁኔታ እንደተተኮሰበት የሚናገሩ ምስክሮች ናቸው።

ቀዩ ዝገትና ጥቁሩ ዝገት

ዝገት ሁሉ አንድ አይደለም። ቀዩ ዝገት ውሃ ያዘለ የብረት ኦክሳይድ ነው። ከተሠራበት ብረት ይልቅ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ያብጣል፣ ይላቀቃል፤ ሲላቀቅም ከሥሩ ያለውን ንጹሕ ብረት ለአየር ያጋልጣል። ጥቁሩ ማግኔታይት ይባላል። ጥብቅ ነው፤ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ዘይት ይይዛል፤ ከቀጣዩ ዝገትም በመጠኑ ይከላከላል።

የድሮ ጠመንጃ ሠሪዎች ይህን ልዩነት ለሥራቸው ይጠቀሙበት ነበር። አዲሱን በርሜል ሆን ብለው ስስ ዝገት ያስይዙታል፤ ከዚያ በውሃ ይቀቅሉታል፤ ቀዩ ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ የላላውን በለስላሳ ሽቦ ብሩሽ ያራግፉታል። ይህን ደጋግመው ሲያደርጉት ያ የምናውቀው ሰማያዊ ጥቁር ቀለም ይወጣል። ቀለም ተቀብቶ አይደለም፤ በልክ የተያዘ ዝገት ነው።

ይህ ዕውቀት ዛሬ ለጥገና ይጠቅማል። በባለሙያ የተፈታና እንጨትና ቆዳው ሙሉ በሙሉ የተለየለት የዛገ የብረት ክፍል በተጣራ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቢቀቀል ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ በዚያው ጨውም ይታጠባል። የላላው በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል። ከዋናው ብረት የሚቀነስ ነገር እምብዛም የለም። በአንጻሩ ሰዎች የሚቸኩሉባቸው መንገዶች ሁሉ ብረት ይበላሉ። ኮምጣጤና ሎሚ ዝገቱን ሲያሟሙ የቀረውን ጥቁር ሽፋንም አብረው ያነሳሉ። ብርጭቆ ወረቀትና የሚሽከረከር መፍጫ ደግሞ ከዚህ የባሰ ጉዳት ያደርሳሉ።

ጉዳቱን ለመረዳት ማህተሞቹን ተመልከቱ። በውጅግራ ላይ የተሠራበት ፋብሪካ ስም አለ፤ ሴንት ኤትየን፣ ሻቴልሮ ወይም ቱል። ዓመትና ተራ ቁጥር አለ። ከ1930ዎቹ በፊትና በዚያ ዘመን በመንግሥት የተገዙ ማውዘሮች ላይ የይሁዳ አንበሳ ይታያል። የእነዚህ ጽሑፎች ጥልቀት ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። አንድ ሰው በመፍጫ አሥር ደቂቃ ቢሠራ ፋብሪካውን፣ ዓመቱንና አንበሳውን አንድ ላይ ሊያጠፋ ይችላል።

እንደ መሐንዲስ የማደንቀው አንድ ነገር አለ። ማህተም ብረት ላይ ሲመታ የሚለወጠው የሚታየው ጉድጓድ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው የብረት ክሪስታልም ተጨምቆ ይዛባል። የተዛባው ብረት ከጎረቤቱ በተለየ ፍጥነት በአሲድ ይበላል። የፖሊስ ላቦራቶሪዎች ተፍቀው የጠፉ ቁጥሮችን የሚያወጡት በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ይህም ወሰን አለው፤ ፍቀቱ ከተጨመቀው ንብርብር በታች ከወረደ የሚወጣ ነገር የለም።

ቆዳው፤ ውሃ የማይደፍረው ክፍል

ለብረቱ ሕይወት የሆነው የፈላ ውሃ ለአሮጌ ቆዳ ሞት ነው። ምክንያቱን እንይ። ቆዳ የሚሠራው ኮላጅን ከተባለ እንደ ገመድ ከተገመደ ፕሮቲን ነው። ማልፋት ማለት በገመዶቹ መካከል ማያያዣ መጨመር ነው፤ በጥንቱ ዘዴ ማያያዣው ከዛፍ ቅርፊት፣ ከቅጠልና ከፍሬ የሚገኝ ታኒን ነው። እርጥብ ቆዳ የሆነ ሙቀት ሲደርስ ገመዱ ይተረተርና ቆዳው በድንገት ይኮማተራል። በታኒን የለፋ አዲስ ቆዳ የሚኮማተረው ከ75 እስከ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። በእርጅና የተጎዳ ቆዳ ግን 40 ዲግሪ ላይ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ሊኮማተር ይችላል። ይህ የፈላ ውሃ ይቅርና ለገላ መታጠቢያ የሚሆን ለብ ያለ ውሃ ነው። አርጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣትማ ጨርሶ አይሞከርም።

ሁለተኛው ችግር ቀይ ብስባሽ ነው። አሮጌ ማንገቻ ስትነኩ ጣታችሁ ላይ ቀይ ቡናማ ዱቄት ከቀረ ይህ በሽታ ይዞታል ማለት ነው። ይህን ችግር መጀመሪያ በስፋት ያጠኑት የመሣሪያ ሰዎች ሳይሆኑ የመጻሕፍት ሰዎች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት በጋዝ መብራት ይበሩ ነበር፤ የመጻሕፍቱ የቆዳ ጀርባ እየበሰበሰ አስቸገረ። በለንደን ሶሳይቲ ኦፍ አርትስ የተባለው ማኅበር ያቋቋመው ኮሚቴ በ1905 ባወጣው ዘገባ የጋዝ ጭስንና ጥራት የጎደለውን አለፋፍ ተጠያቂ አደረገ። ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ የሚወጣው የድኝ ጭስ ቆዳው ውስጥ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለወጣል፤ አሲዱም ኮላጅኑን ይቆራርጠዋል። የታኒኑ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል፤ አንዳንዱ ታኒን አሲዱን ይቋቋማል፣ አንዳንዱ አይቋቋምም።

ታዲያ ቅባት ቢቀባስ? ለብዙ አሥርት ዓመታት መልሱ "አዎ" ነበር። ታላላቅ ሙዚየሞች ሳይቀሩ ላኖሊንና የንብ ሰም ያለበት ቅባት ይቀቡ ነበር። በኋላ ግን ተመራማሪዎች ቅባት የበሰበሰ ቆዳን እንደማያድን ተገነዘቡ። የተቆራረጠ ኮላጅን በቅባት አይቀጠልም። ከዚያ ይልቅ ቅባቱ ቆዳውን ያጠቁረዋል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ዘመን ሲቆጥር ይደርቅና ቆዳውን እንደ እንጨት ያደርገዋል። ዛሬ ባለሙያዎች ለቀይ ብስባሽ የሚመርጡት ሃይድሮክሲፕሮፒል ሴሉሎስ የተባለውን ማጣበቂያ በአልኮል አሟሙቶ በስሱ መቀባት ነው፤ ውሃ የለበትም፣ ዱቄቱንም ያረጋዋል። ከሁሉ በላይ ግን የሚመክሩት አለመተጣጠፍን ነው። ሰማኒያ ዓመት ተጣጥፎ የኖረን ማንገቻ "ላቃናው" ብሎ መዘርጋት ማለት መስበር ማለት ነው።

ዝናር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል፤ ቀለሁ የሚገባበት ቦታ ላይ አረንጓዴ፣ ሰም የሚመስል ነገር። ብዙ ሰው ሻጋታ ይመስለዋል። እንዲያውም በቆዳው ውስጥ ያለው ቅባት ከናሱ መዳብ ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ሳሙና መሰል ነገር ነው። ስለዚህ ዝናሩን በቅባት ባራስነው ቁጥር አረንጓዴውን እየቀለብነው ነው። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ይህ አረንጓዴ ነገር ጥይቱን ከቆዳው ጋር እያጣበቀ ስላስቸገረ፣ አንሰን ሚልስ የተባለ መኮንን ከቆዳ ይልቅ ከጥጥ የተሸመነ ዝናር ሠርቶበታል። ማውጣት ሲያስፈልግ በቀጭን የእንጨት ስንጥር በጥንቃቄ ማንሳት ይበቃል፤ ብረት ቆዳውንም ናሱንም ይጭራል።

ሰደፉና ጠፍሩ

ስለ እንጨቱ ባጭሩ ልበል። የአውሮፓ ሰደፎች በብዛት የሚቀቡት የተልባ ዘይት ነው። ተልባ እኛ ቤት የሚጠጣና ከእንጀራ ጋር የሚበላ ነገር ቢሆንም፣ ዘይቱ ልዩ ባሕርይ አለው። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ በመጨረሻ ጠጣር ሽፋን ይሆናል። ይህ ሂደት ሙቀት ያወጣል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማልቆ ጥግ ከተጣለ ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል። ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ያስፈልጋል።

በአገራችን ብዙ ሰደፎች አንገታቸው ላይ ተሰብረው በጠፍር ተጠግነዋል። ጥሬ ቆዳ እርጥብ ሆኖ ይጠመጠማል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ስንጥቁን ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል። ቅድም እንደ ጠላት ያየነው መኮማተር እዚህ ላይ ወዳጅ ሆነ ማለት ነው። ሙጫም ሆነ ብሎን በሌለበት ቦታ የሠራ ሰው ይህን ባሕርይ በሚገባ ያውቅ ነበር። ይህን ጠፍር "አስቀያሚ ነው" ብሎ ቆርጦ ጥሎ አዲስ ሰደፍ መግጠም ጥገና አይባልም።

አሁን የሚያጸዳው ማን ነው?

ጉዳዩን አስቸኳይ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። ከ2010ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች ለአሜሪካ የትርፍ መሣሪያ ገበያ ተሸጠዋል። ካርካኖ፣ ቬተርሊ፣ ማውዘር፣ የእንግሊዝ መሣሪያዎችም አሉባቸው። አንድ ጊዜ የአውሮፓ ትርፍ ሆነው የመጡት አሁን የእኛ ትርፍ ሆነው ሄዱ። ገዢዎቹ ሰብሳቢዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም በጥንቃቄ የሚሠሩና ስለ ብረቱ ጥሩ ዕውቀት ያላቸው ናቸው። ነገር ግን ሰደፉ ላይ በቢላ የተቀረጸ ፊደል ወይም የግዕዝ ቁጥር ቢኖር ማን ያነብበዋል? ለማያነብ ሰው ጭረት ነው፤ ጭረት ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ይጠፋል። በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን እንዲህ ዓይነት ዕቃ ሲያጋጥማችሁ ቢያንስ ፎቶ አንስታችሁ ጽሑፉን ማንበብና ለባለቤቱ ትርጉሙን መንገር ትችላላችሁ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ብርጭቆ ወረቀቱን ልታስቆም ትችላለች።

እዚህ አገር ቤት ደግሞ ችግሩ ተቃራኒው ነው። ፊደሉን እናነባለን፤ ዝገቱን ግን አናነብም። የአድዋ ወይም የአርበኞች በዓል ሲቃረብ አያት የተወውን ጠመንጃ አብርቆ ማውጣት እንደ አክብሮት ይቆጠራል። አብዛኞቹ አርበኞች ማስታወሻ አልጻፉም። ከእነሱ የቀረው ሰነድ ብዙ ጊዜ ይኸው ዕቃ ነው። እጅ ያለሰለሰው ሰደፍ፣ ጨው የበላው በርሜል፣ በጠፍር የታሰረው አንገት ሁሉ የሚነበቡ ናቸው። ሲብለጨለጭ ያምር ይሆናል፤ ግን የፋብሪካ ዕቃ እንጂ የአያት ዕቃ አይሆንም።

ቤታችሁ ካለ

ከመነካቱ በፊት ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፣ ሕግና ደኅንነት ይቀድማሉ። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ መያዝ ፈቃድ ይጠይቃል። ጥይት እንደሌለበት ደግሞ የሚያውቅ ሰው ያረጋግጥ፤ ለአርባ ዓመት የጎረሰ ጥይት ዛሬም ሊተኮስ ይችላል። በዝገት የተበላ በርሜልን "ይሠራ እንደሆነ" ብሎ መሞከር ሕይወት ያስከፍላል።

ሁለተኛ፣ ፎቶ አንሱ። ማህተሞቹን መብራት ከጎን አድርጋችሁ ብታነሱ ጥልቀታቸው ጎልቶ ይወጣል።

ሦስተኛ፣ ብረት፣ ቆዳና እንጨትን ለይታችሁ አስቡ። ማንገቻውና ዝናሩ ከጠመንጃው ተለይተው ይቀመጡ። ብረቱ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራው ይነሳለት፤ ስስ የማሽን ዘይት ይበቃዋል። ቀይ ዝገት የበዛበት ከሆነ መቀቀሉን ለባለሙያ ተዉት። ቆዳው ላይ ውሃም፣ ቅባትም፣ የጫማ ቀለምም አታድርጉ፤ ለስላሳ ብሩሽና ጥላ ያለበት ደረቅ ቦታ ይበቃዋል። ላስቲክ ውስጥ አታሽጉ፤ እርጥበት ያፍናል።

አራተኛ፣ ጠይቁ። ማን ያዘው፣ የት ነበረ፣ ጠፍሩን ማን አሠረው? ዝገት በአግባቡ ከተቀመጠ ይጠብቃል። የሚያውቁት አዛውንት ግን አይጠብቁም፤ ስለዚህ ከጨርቁና ከዘይቱ በፊት ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ እሳቸው ዘንድ ሂዱ።